የልጆች የሳምንት ሆምወርክ (ሒሳብና እንግሊዝኛ)፦ እንግላንድ ያላችሁ ወላጆች ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ውስጥ አንድ ፕራይመሪ ስኩል ቲቺንግ አሲስታንት (የአስተማሪ ረዳት) ነኝ፣ ከሪሴፕሽን (ልጆች በ4 ዓመታቸው ከሚጀምሩት ክፍል) እስከ ዪር 6 (የፕራይመሪ መጨረሻ ክፍል) ሁሉም ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ከቤተክርስቲያን ስንወጣም በስልክም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ አርብ አርብ በልጆቹ ቦርሳ ስለሚመጣው የሒሳብና የእንግሊዝኛ ወረቀት። ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የማውቀው የእንግላንድን ነው፣ ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ የእናንተ ሥርዓት ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ እኔ ኬር ሆም ነው የምሠራው፣ አብዛኛው ሺፍቴ ማታ ነው። የዪር 2 ልጄ ወረቀት ትዝ የሚለኝ እሁድ ማታ ነው፣ ከዛ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን እሷም ታለቅሳለች እኔም እጮሃለሁ። እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ እሁድ ማታን በቃ እርሺው። የዪር 2 ልጅ 15 ደቂቃ ከሠራች ጥሩ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ነው፣ እና ልጅቷ የምትይዘው ሒሳቡን ሳይሆን ጭቅጭቁን ነው። አርብ ከትምህርት ቤት ስትወስጃት ወረቀቱን አውጥተሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው፣ የዛን ቀን ምን ምን እንዳለበት እሷ ታንብብልሽ እንጂ ምንም አትሥሩ። ቅዳሜ የሒሳቡን ግማሽ፣ እሁድ ቀን ሌላውን ግማሽ፣ ሰኞና ማክሰኞ ስፔሊንግ አምስት አምስት ቃል፣ አለቀ። ንባብ ግን በየቀኑ ነው፣ 10 ደቂቃም ብትሆን፣ ሺፍት ያለሽ ቀን ባስ ላይ ታንብብልሽና ሪዲንግ ሪከርዱ (የንባብ መከታተያ ደብተሯ) ላይ ፈርሚላት። እዚህ አገር ሆምወርክን የሚያስገድድ ሕግ የለም፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ፖሊሲ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ሳምንቱ ከብዶሽ አንዱን መተው ካለብሽ ወረቀቱን ተዪው ንባቡን ግን አትተዪ። ቅዳሜ ሾፒንግ ስትሄዱ ደግሞ ሳንቲም ስጫት፣ «37 ፔኒ በቁጥር በጣም ባነሰ ሳንቲም ክፈይኝ» በያት። 20፣ 10፣ 5፣ 2 ብላ በአራት ሳንቲም ስትጨርስ የዪር 2ን ሒሳብ ሠራች ማለት ነው፣ ወረቀትም አላስፈለገም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሪሴፕሽን ነው። ኤ ቢ ሲ ዲን እስከ ዜድ በቃሉ ይላል፣ ግን «ካት» የምትለዋን ቃል አንብብ ሲባል አይችልም። ለምንድነው?

መልስ፦ የፊደሉን ስም እንጂ ድምፁን ስላልያዘ ነው። ሲ፣ ኤ፣ ቲ ብሎ ሦስቱን ስም ቢደረድር ካት አይወጣም። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ፎኒክስ ነው፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆች አሉ ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ልጁ ድምፁን ለየብቻ ይልና ይገጣጥመዋል። እና እኛ ሐበሾች ቤት ውስጥ ስናስጠና አንድ ነገር እናበላሻለን፣ በፊደላችን ስለለመድን እያንዳንዱ ድምፅ ላይ አናባቢ እንጨምርበታለን፣ ከ - ኣ - ተ ስንለው ልጁ የሚሰማው «ከኣተ» ነው። ሳድሱን ያዙ፣ ክ - ኣ - ት፣ እሱንም ቁርጥ አድርጋችሁ። ም እና ስን ግን መጎተት ትችላላችሁ፣ ምምም፣ ስስስ፣ ለመገጣጠም ይቀላል። ኤስና ኤች ሲገጥሙ ሽ፣ ሲና ኤች ሲገጥሙ ች። ቲና ኤች ግን አማርኛ ውስጥ የለችም፣ ምላስ በጥርስ መሀል ወጣ ትላለች፣ እሷን ከመስታወት ፊት አብራችሁ ተለማመዱ፣ ልጆች በጣም ይወዱታል።

ዪር 1 መጨረሻ ላይ ጁን ውስጥ የፎኒክስ ቼክ አለ። 40 ቃል ነው፣ ቲቸሯ ለብቻው ወስዳ ታስነብበዋለች። 20ው እውነተኛ ቃል ነው፣ 20ው ግን የተፈጠረ፣ ትርጉም የሌለው ነው፣ ከጎኑ የጭራቅ ሥዕል አለው። በየዓመቱ አንድ ወላጅ «ይሄ ቃል ዲክሽነሪ ላይ የለም ተሳስታችኋል» ብሎ ይመጣል፣ ሆን ተብሎ ነው፣ ልጁ በቃሉ ሸምድዶ ሳይሆን ድምፁን እያነበበ መሆኑን ለማየት ነው። ካላለፈ ዪር 2 ላይ ይደግመዋል፣ ክፍል አይደግምም፣ አትጨነቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ እኔ አያት ነኝ፣ ከትምህርት ቤት የማመጣቸው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ አላነብም፣ እናታቸው እስክትመጣ ደግሞ ይመሻል። ምን ልረዳቸው እችላለሁ?

መልስ፦ እማማ እርስዎ ብዙ ይረዳሉ። ልጁ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት፣ በየገጹ ያስቁሙትና በአማርኛ ይጠይቁት፣ «ማነው ይሄ? ምን አደረገ? ለምን ይመስልሃል? ቀጥሎስ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ይበሉት። እሱ ለእርስዎ ለማስረዳት ያነበበውን መረዳት አለበት፣ ይሄ ደግሞ ቲቸሯ ክፍል ውስጥ የምትጠይቀው ራሱ ነው። ያነበበውን እንደ ውሃ አንበልብሎ ምን እንዳነበበ የማያውቅ ልጅ ክፍል ውስጥ ሞልቷል። ተረትም ይንገሩት፣ የጦጣና የአንበሳ ተረት ሰምቶ መልሶ የሚናገር ልጅ ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ መሀልና መጨረሻ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። እና አንዳንድ ቤት «አማርኛ ካወራነው እንግሊዝኛው ይበላሻል» የሚባል ነገር አለ፣ አይበላሽም። በአማርኛ ሙሉ ሐሳብ መናገር የሚችል ልጅ እንግሊዝኛውን ቶሎ ነው የሚይዘው፣ በየክፍሉ ያየሁት ነው። የሚጎዳው በሁለቱም ቋንቋ ብዙ የማያወራ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዪር 4 ነች፣ ጁን ላይ የማባዣ ፈተና አለ ብለው ደብዳቤ ላኩ። በአማርኛ ነው ያስጠናኋት፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ምንም ችግር የለውም ወንድሜ። ፈተናው ኮምፒውተር ወይ ታብሌት ላይ ነው፣ የሚመጣው ቁጥር ብቻ ነው፣ 7 × 8 ይላል መልሱን ትጽፋለች። 25 ጥያቄ ነው፣ ለእያንዳንዱ 6 ሰከንድ፣ እስከ 12 × 12። ማለፊያ ነጥብ የሚባል የለውም። 6 ሰከንድ ግን መጻፊያውንም ጨምሮ ነው፣ ስለዚህ «ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ» ብላ ከታች ከጀመረች አትደርስም፣ ወዲያው መምጣት አለበት። ቅደም ተከተሉን ከጠየቅከኝ መጀመሪያ 2፣ 10፣ 5፣ ከዛ 4 እና 8 (የ2 እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ ናቸው)፣ ከዛ 3፣ 6፣ 9። 7ን መጨረሻ ላይ አድርገው፣ ምክንያቱም 7 × 8ን በ8 በኩል፣ 7 × 6ን በ6 በኩል አውቃዋለች፣ ከ10 በታች ካሉት እንደ አዲስ የሚቀራት 7 × 7 ብቻ ነው። ፈተናው ላይ የ6፣ 7፣ 8፣ 9 እና 12 ይበዛሉ፣ ስለዚህ 2 እና 10 ላይ ጊዜ አታጥፉ። መኪና ውስጥ አምስት ጥያቄ፣ ጥርስ ሲቦረሽ ሦስት ጥያቄ፣ እንደዛ በየቀኑ።

ጥያቄ፦ ልጄን መቀነስ ሳሳየው «እናንተ ጋ የሚሠራው ስህተት ነው፣ ቲቸሬ እንደዛ አታደርግም» ይለኛል። እኔ አገር ቤት እስከ 12 ተምሬአለሁ እኮ!

መልስ፦ ያንተም ትክክል ነው የእሱም ትክክል ነው። 52 ሲቀነስ 27 በል። አንተ «2 ላይ 7 አይቀነስም፣ ከ5 አንድ ተበድሬ 12 ሲቀነስ 7 አምስት፣ 4 ሲቀነስ 2 ሁለት፣ 25» ትላለህ። እነሱም ከፍ ሲሉ የሚሠሩት ይሄንኑ ነው፣ ብድር ከማለት ኤክስቼንጅ ይሉታል፣ አንዱ አሥር በአሥር አንዶች ተቀየረ ነው ነገሩ። ትናንሾቹ ላይ ግን መጀመሪያ መስመር ያሰምሯቸዋል፣ ከ27 እስከ 30 ሦስት፣ ከ30 እስከ 50 ሃያ፣ ከ50 እስከ 52 ሁለት፣ ድምሩ 25። የሚረዝም ይመስላል ግን ቁጥሩ ምን ያህል እንደሆነ በጭንቅላቱ ያየዋል፣ ሱቅ ውስጥ መልስ ስንቀበል እኛም የምንቆጥረው እንደዛ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ዌብሳይታቸው ላይ ካልኩሌሽን ፖሊሲ የሚባል ያስቀምጣሉ፣ በየክፍሉ የትኛውን ዘዴ እንደሚያስተምሩ በሥዕል ነው ያለው፣ እሱን አንዴ እየው። እና ልጁን ከማረምህ በፊት «እስቲ አንተ አስተምረኝ» በለው።

ጥያቄ፦ የኔዋ ዪር 3 ናት፣ ቁጥር ብቻ ከሆነ ሁሉንም ትሠራለች፣ በቃላት የተጻፈ ጥያቄ ሲመጣ ግን ዝም ብላ ትደምራለች።

መልስ፦ ይሄ የብዙ ልጅ ችግር ነው፣ በተለይ ቤት ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ልጆች። ለምሳሌ ጥያቄው «ሰላም 24 ስቲከር አላት፣ ይሄ ከዮናስ በ9 ይበልጣል፣ ዮናስ ስንት አለው?» ይላል። ልጅቷ እንግሊዝኛው ላይ «ሞር» (ይበልጣል) የምትለዋን ቃል ታያለች፣ ሞር ማለት መደመር ብላ ይዛለች፣ 33 ትላለች። ቁጥር ከመንካቷ በፊት ሥዕል አሥያት። ሁለት ረጅም ሳጥን፣ አንዱ የሰላም አንዱ የዮናስ፣ አንዱ ከሌላው በላይ። ማን ነው ብዙ ያለው? ሰላም። እንግዲያው የሰላም ሳጥን ይርዘም፣ የሚተርፈው ጫፍ ላይ 9 ጻፊ፣ ሙሉው የሰላም ሳጥን ላይ 24። አሁን የዮናስ አጠር ያለው ሳጥን 24 ሲቀነስ 9 እንደሆነ ራሷ ታየዋለች፣ 15። ክፍል ውስጥ ባር ሞዴል ይሉታል። ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ ንገሪያት፣ ከገባት ችግሩ ሒሳብ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው ማለት ነው፣ ያኔ ለቲቸሯ የምትነግሪያት ነገር አገኘሽ። እና ሞር ዛን (ይበልጣል)፣ ፊወር (ያንሳል)፣ ዲፈረንስ (ልዩነት)፣ ኦልቱጌዘር (በጠቅላላ)፣ ሼር (ማካፈል)፣ ኢች (እያንዳንዱ) የሚሉትን ቃላት በየሳምንቱ አንድ አንድ እያደረግሽ እራት ላይ ተጠቀሚባቸው፣ እንጀራ እንኳን ሲቆረስ «ለሦስታችሁ እኩል ሼር» እያልሽ።

ጥያቄ፦ ሰዓት! ልጄ ሰዓት ማንበብ ግራ ተጋብቷል።

መልስ፦ ትንሹ ቆጣሪ 8 ላይ ሆኖ እናንተ «ሁለት ሰዓት ሆነ ተነስ» ስትሉት ለምን ግራ አይጋባ! የኛ ሰዓት በስድስት እንደሚለይ ቁጭ ብላችሁ ንገሩት፣ ማንም አልነገረውም። ዪር 1 ሙሉ ሰዓትና ግማሽ፣ ዪር 2 ሩብና አምስት አምስት ደቂቃ ነው፣ በነዚህ ሁለት ዓመታት የግድግዳ ሰዓት እያያችሁ ስትናገሩ በእንግሊዝኛው ተናገሩ። ደቂቃው አንድ ስለሆነ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሩብ ጉዳይ የሚለውን በአማርኛ ማስተማር ይረዳዋል። ዪር 3 ሲደርስና ሲጠነክር መቀየሩን ራሱን ጨዋታ አድርጉት፣ ክዎርተር ቱ ናይን በኛ ስንት ነው? ለሦስት ሩብ ጉዳይ። ሁለቱንም የያዘ ልጅ 24 ሰዓቱም አይከብደውም።

ጥያቄ፦ ስፔሊንግ አሥር ጊዜ ማስጻፍ ጥሩ ነው?

መልስ፦ አይ፣ እጁ ነው የሚሠራው እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራም። ይየው፣ ጮክ ብሎ ይበለው፣ ይሸፍነው፣ ይጻፈው፣ ከፍቶ ያረጋግጥ። የተሳሳተውን ብቻ በማግስቱ ይድገም።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የማያስከፍል አፕ?

መልስ፦ ቢቢሲ ባይትሳይዝ ለሁሉም ክፍል አለ። ዋይት ሮዝ ያወጣው ዋን ሚኒት ማዝስ የሚባለውም ነፃ ነው። ታይምስ ቴብልስ ሮክ ስታርስ ለሚባለው የማባዣ መለማመጃ ብዙ ትምህርት ቤት ራሱ ይከፍላል፣ ፓስዋርዱን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ላይብረሪ፣ ለልጅ ካርድ በነፃ ነው፣ በየሰመሩ ደግሞ የንባብ ቻሌንጅ ያዘጋጃሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዪር 6 ነው፣ ለሳትስ (ዪር 6 ላይ ለሚሰጠው አገር አቀፍ ፈተና) ቲውተር ልቅጠር?

መልስ፦ መጀመሪያ ቲቸሩን አነጋግሪ። ፈተናው ሜይ ላይ ነው፣ ሒሳብ ሦስት ወረቀት አለው፣ ካልኩሌተር የለም፣ የመጀመሪያው አሪትሜቲክ (ስሌት ብቻ ያለበት) በ30 ደቂቃ ነው። የሚጠበቀው ነጥብ 100 ይባላል ግን ከመቶ 100 ማለት አይደለም፣ ከ80 እስከ 120 ባለው መለኪያ ነው። ያለፉት ዓመታት ወረቀቶች ከነመልሳቸው የመንግሥት ዌብሳይት ላይ በነፃ አሉ፣ አማዞን ላይ ከመግዛትሽ በፊት እነሱን አውርጂ። በሳምንት አንድ አሪትሜቲክ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፣ ከዛ የሳተውን አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ (ፍራክሽን ከሆነ ፍራክሽን) ሳምንቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ይለማመድ። ከዚህ በኋላም ካልተሻሻለ ቲውተር።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቅርቡ መጣ፣ 9 ዓመቱ ነው፣ ዪር 5 አስገቡት። እዛ ደረጃ ይወጣ ነበር፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም። ሆምወርኩም ዝቅተኛ ነው የሚሰጡት። አዝናለሁ።

መልስ፦ አይዞሽ። እዚህ በዕድሜ ነው የሚመደቡት፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኦገስት 31 የተወለዱ አንድ ላይ፣ ችሎታ ታይቶ አይደለም። ዝምታው ደግሞ የተለመደ ነው፣ አዲስ የመጡ ልጆች መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ይሰማሉ እንጂ አያወሩም፣ አስገድደሽ አታናግሪው። ሒሳቡን ግን ዝቅ እንዳያደርጉበት ንገሪያቸው፣ ይሄ አስፈላጊ ነው። አገር ቤት የሠራበት ደብተር ካለ ይዘሽ ሂጂ፣ ከሌለ አንድ ገጽ ማካፈልና ማባዛት ቤት አሠሪውና ወረቀቱን ለቲቸሩ አሳዪ። ቋንቋ የማይፈልግ ሒሳብ ላይ እጁን ሲያወጣ ክፍሉም ያየዋል እሱም ልቡ ይመለሳል። ለእንግሊዝኛው በየሳምንቱ አሥር የትእዛዝ ቃል ይያዝ፣ ዓረፍተ ነገር ከመሸምደዱ በፊት አንደርላይን (አስምር)፣ ሰርክል (አክብብ)፣ ማች (አዛምድ)፣ ኮፒ (ገልብጥ)፣ ኤክስፕሌይን (አስረዳ) የሚባሉትን፣ ወረቀቱ ምን አድርግ እንዳለው ሳያውቅ ነው የሚቀመጠው እኮ። አማርኛ ማንበብም አያቁም።

ጥያቄ፦ ካቃተው እኔ ልሥራለት? ባዶ ይዞ ሲሄድ ያፍራል።

መልስ፦ አትሥሪለት እህቴ። አንቺ የሠራሽውን ቲቸሯ ስታይ ልጁ ችሏል ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች፣ እሱ እዛው ይቀራል። 15 ደቂቃ ሞክሮ ካቃተው መስመር አስምሪበትና «እስከዚህ ብቻውን ሠራ፣ ከዚህ በኋላ አልገባውም» ብለሽ በአጭሩ ጻፊበት። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ በአማርኛ ጽፈሽ በስልክሽ አስተርጉሚው፣ ማንም አይንቅሽም። እኛ ሰኞ ጠዋት ወረቀቶቹን ስንሰበስብ እንደዛ የተጻፈበትን ነው ለብቻ የምናስቀምጠው፣ የዛን ሳምንት ከማን ጋር ቁጭ እንደምንል የምንመርጠው ከነሱ ነው።