ስለ ጉንጉን ፈትል ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት በሙጫ ስለሚጠነክሩ ጉንጉን ፈትሎች ናቸው። በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ መጎንጎን ከሽመና በምን ይለያል?

በሽመና ድሩ ተወጥሮ ይቆማል፤ ማጉ ያቋርጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ90 ዲግሪ። በጉንጉን ድርና ማግ ብሎ ነገር የለም። ልክ እንደ ሹሩባ ሁሉም ይሻገራል። ግማሹ ፈትል ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ እየዞረ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከስር እያለፈ መሃል ያለውን ቱቦ ያለብሰዋል።

ጥያቄ፦ የፈትሉን አንግል የሚወስነው ምንድን ነው? (ከባሕር ዳር፣ የጨርቃጨርቅ ተማሪ)

ፍጥነቱ ነው እህቴ። አንግሉን የምንለካው ከቱቦው ርዝመት አቅጣጫ ተነስተን ነው። ፈትሉ የተጠቀለለባቸው ቦቢኖች በቱቦው ዙሪያ አንድ ዙር ሲጨርሱ ቱቦው ምን ያህል እንደተጎተተ እዪ። የቱቦውን ዙሪያ ለዚያ ርቀት ስታካፍዪ የአንግሉን ታንጀንት ታገኛለሽ። ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 157 ገደማ ነው። በአንድ ዙር 157 ሚሊ ሜትር ከተጎተተ 45 ዲግሪ ይመጣል፤ 272 ከተጎተተ 30፣ 91 ብቻ ከተጎተተ 60። ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ ሰፋ ካለና ፍጥነቱን ካልቀየርሽ፣ እዚያ ጋ አንግሉ ይጨምራል። ስለዚህ ናሙናሽን አንድ ቦታ ብቻ ለክተሽ እንዳትተዪው።

ጥያቄ፦ የኬብል መሸፈኛ መረብ ስስበው ይቀጥናል፣ ስገፋው ይወፍራል። ፈትሉ እየተለጠጠ ነው?

አይደለም። የሚቀየረው አንግሉ ብቻ ነው። ስትስበው ፈትሎቹ ወደ ርዝመቱ ይተኛሉ። ጎን ለጎን ገጥመው መላወሻ ሲያጡ መረቡ ይቆልፋል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበትህን የሚሸከመው ፈትሉ ራሱ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ይኸውልህ። ውስጡ የላስቲክ ቱቦ አስገብተህ አየር ብትሞላው፣ መረቡ ብዙ አየር የሚይዘው አንግሉ 54.7 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ ባነሰ አንግል ከጀመረ እያጠረ ይወፍራል። በበለጠ ከጀመረ እየረዘመ ይቀጥናል። እዚያው ላይ ከሆነ ንቅንቅ አይልም፤ ግፊት የሚችሉ ቱቦዎች ሲሠሩም የሚፈለገው ይኼው ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ መኪበን በ1950ዎቹ በፖሊዮ ለተጎዳች ልጁ የአየር ጡንቻ የሠራላት በዚሁ ማጠር ነው። አንድ አባት ከዚህ ጂኦሜትሪ ለልጁ እጅ ጉልበት ማውጣቱ ሁሌም ይነካኛል።

ጥያቄ፦ አውሮፕላን ላይ ይገባል?

እንዴታ! የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያሉት ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ከሚበሩባቸው ሞተሮች አንዱ ጂኢኤንኤክስ ነው። የፊተኛውን ፋን (አየር የሚስበውን ትልቅ ማራገቢያ) የሚከበው ቀለበት ከጉንጉን ካርቦን ፋይበር ይሠራል። የፋኑ ምላጭ ቢሰበር ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ በሁለቱ ተሻጋሪ ፈትሎች ላይ ቀጥ ያለ ሦስተኛ ይጨመራል፦ 0፣ +60 እና -60 ዲግሪ። የፋይበሩ መጠን በሦስቱም እኩል ሲሆን ጥንካሬው ወደ አንድ ወገን አያደላም።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሞዴሌ ላይ ፈትሉን ክብ አድርጌ ብሠራው ችግር አለው?

አለው። ካርቦን ፈትል ሲጎነጎን ተጨፍልቆ ሞላላ ይሆናል። ክብ ካደረግከው በፈትሎቹ መሃል የሌለ ክፍተት ትፈጥራለህ፤ ከሙጫው ጋር ሲታይ የፋይበሩ ድርሻም ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣልሃል። ናሙናውን ቆርጠህ የተቆረጠውን ገጽ አለስልሰው፣ የፈትሉን ስፋቱንና ውፍረቱን በማይክሮስኮፕ ለካ፤ ሞዴሉን ከዚያ በኋላ ሥራ።