ለሉፐር ተጫዋች ጆሮ የሚከፍቱ ቅጂዎች

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው «ሉፐር ፔዳል ገዛሁ፤ አራተኛውን ድርብ ስጨምር ሁሉም ነገር ይደፈርሳል፤ የትኞቹን አልበሞች ባዳምጥ ይሻለኛል?» ብለህ ነው። (ሉፐር ፔዳል የተጫወቱትን ቀርጾ እየደጋገመ የሚያዞር፣ በላዩም አዲስ ድምፅ የሚያስደርብ፣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ ነው፤ የሚዞረው ድምፅ ሉፕ ይባላል።) ብዙ ሰው የሚጠቁምህ ድርብርቡ የበዛበትን ቪዲዮ ነው። እኔ ግን ሉፑ እንዴት እንደሚሞት የሚሰማበትን ቅጂ ፈልግ እልሃለሁ። መደረቡን ፔዳሉ ራሱ ያስተምርሃል፤ ከደረብኸው ውስጥ መውጣት ግን የሚገኘው በማዳመጥ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድመህ ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕና ሙዚቀኛው ብራያን ኢኖ በ1973 ያወጡትን «ኖ ፑሲፉቲንግ» አዳምጥ። የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ፣ «ዘ ሄቨንሊ ሚዩዚክ ኮርፖሬሽን»፣ ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ሲቀረጽ የሉፐር ፔዳል የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት የሪቮክስ ቴፕ መቅረጫዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንድ ቴፕ ከግራው ወጥቶ በቀኙ ላይ ይጠቀለላል። ግራው ይቀርጻል፣ ቀኙ የተቀረጸውን ያሰማል፤ ያሰማው ድምፅም ተመልሶ ግራው ውስጥ ይገባና ከአዲሱ ጋር እንደገና ይቀረጻል። የሉፑን ርዝመት የሚወስነው በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። ቴፑ በሰከንድ 19 ሴንቲሜትር የሚጓዝ ከሆነ የአንድ ሜትር ርቀት አምስት ሰከንድ ያህል ይሰጣል።

ይህን ሁሉ የማወራው ለማሽን ታሪክ ብዬ አይደለም። በዚህ አሠራር ድምፁ በዞረ ቁጥር ጥቂት ይደክማል፣ ቀጭን ድምፆቹም ይደበዝዛሉ። አሮጌው በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። ያንተ ፔዳል ግን የመጀመሪያውንም አራተኛውንም እኩል ጉልበት ሰጥቶ ይመልሳቸዋል፤ የሚደፈርስብህ ለዚህ ነው። ስታዳምጥ አንድ ረጅም ኖታ ምረጥና እስኪጠፋ ድረስ ተከተለው። ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደመጣ፣ መቼ ዜማ መሆኑን ትቶ ጥላ እንደሆነ አስተውል። ከዚያ ወደ «ሌት ዘ ፓወር ፎል» ሂድ። በ1981 የወጣ፣ ፍሪፕ በ1979 ብቻውን በተመልካች ፊት የተጫወተው ነው። ማሽኑን የሚቆጣጠርለት ኢኖ እዚህ የለም፤ ዝምታውንም ድምፁንም የሚያዘው ራሱ ነው። እኔ ከፊተኛው ይልቅ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ።

የዘዴው ባለቤት ግን ቴሪ ራይሊ ነው። በ1963 ፓሪስ ውስጥ የቼት ቤከርን ቡድን በቴፕ እያዞረ ሙዚቃ ሠርቶበታል። አንተ በ1969 በወጣው አልበሙ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለውን «ፖፒ ኖጉድ» ብታዳምጥ ይበቃሃል፤ ሶፕራኖ ሳክስፎኑ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ትሰማለህ። የኢኖን «ዲስክሪት ሚዩዚክ» (1975) ደግሞ ለሽፋኑም ቢሆን ፈልገው፤ የማሽኖቹ አቀማመጥ በሥዕል ተቀምጧል። ሁለት አጫጭር ዜማዎች ብቻ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳያሰለቹ ሲሄዱ፣ ጥቂት ማስገባት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ይገባሃል።

የስቲቭ ራይክ «ኢትስ ጎና ሬይን» (1965) በመድረክ ላይ የተሠራ ሉፕ አይደለም፤ ቢሆንም አትዝለለው። የአንድ የጎዳና ሰባኪ ድምፅ በሁለት ማሽኖች ላይ እኩል ይጀምርና ቀስ በቀስ ይለያያል። መጀመሪያ የክፍሉ ማስተጋባት ይመስልሃል፣ ከዚያ ቃሉ ይሰበርና ምት ይሆናል። እኩል መግጠም ግዴታ አለመሆኑን ያስተምራል። ሉፐር ይዘው ሁሉንም ነገር በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ መሣሪያ) ለሚያስሩ ሰዎች መድኃኒት ነው፤ በእኔ እምነት ግማሾቻችን ያስፈልገናል።

ቤዝ ጊታር የምትጫወት ከሆነ፣ የጃዝ ቡድኑ የዌዘር ሪፖርት «8፡30» (1979) ላይ ያለው የጃኮ ፓስቶሪየስ «ስላንግ» አያምልጥህ። በመድረክ ላይ አጭር ሐረግ በዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ በሚመልስ መሣሪያ) ያስዞርና በላዩ ላይ ይዘፍናል፤ ያውም በቤዝ። ኬቲ ተንስታል በ2004 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ብቻዋን የተጫወተችው «ብላክ ሆርስ» አሁንም ይገኛል። የጊታር ሣጥን ምት፣ ከበሮ ቢጤ፣ የድምፅ ጥሪ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይነካም። የዞዊ ኪቲንግ «ኢንቱ ዘ ትሪስ» (2010) በቼሎ ይህንኑ ያደርጋል፣ በጣም ተጠንቅቆ የተሠራ ነው።

አሁን ደግሞ ሉፕ የሌለበት አንድ አልበም፦ የኮሊን ስቴትሰን «ጀጅስ» (2011)። በትልቅ ቤዝ ሳክስፎን ትንፋሹን ሳያቋርጥ እየነፋ፣ የቁልፎቹ ኳኳታ በማይክሮፎን ተይዞ ከበሮ ሆኖለት፣ በመሣሪያው ውስጥ እያዜመ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ድግግሞሹ በሰው ጉልበት የሚመጣ ስለሆነ አንድም ዙር ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ከዚህ በኋላ ፔዳልህን ስትረግጥ ሉፑ እንደሞተ ነገር ይሰማህ ይሆናል።

ፔዳልህ ፊድባክ (በየዙሩ የሚመለሰውን ድምፅ መጠን) የሚቀንስ ቁልፍ ካለው፣ ከሙሉው ትንሽ ዝቅ አድርገህ ከፍሪፕ ጋር እየተመላለስህ ተለማመድ። ከሌለው ረጅም ጊዜ የሚይዝ ዲሌይ ያንኑ ሥራ ይሠራልሃል። የምትጫወተውን መሣሪያ ግን አልነገርኸንም። ድምፃዊ ከሆንህ ዝርዝሬን ወደ ጎን ተውና በሁዋና ሞሊና «ኡን ዲያ» (2008) ጀምር።