የጉድጓዳችን ውሃ ቢደርቅብን ማንን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምንኖር ገበሬዎች ነን። ለከተማው የረጅም ጊዜ የውሃ አቅርቦት ተብሎ መንደራችን አጠገብ ጥልቅ ጉድጓዶች ሊቆፈሩ ነው። እኛ የምንጠጣው በእጃችን ከቆፈርነው ጉድጓድ ነው። መቃወም እንችላለን?

መልስ፦ ስጋታችሁ ይገባኛል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ትጠጣለች። ሕዝቧ በጨመረ ቁጥር ፍለጋው ወደ ዙሪያዋ ይሰፋል።

መራራውን ላስቀድም። «ውሃው ከመሬታችን ሥር ነው» የሚለው ክርክር አያስኬድም። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የአገሪቱ ውሃ ሁሉ፣ የከርሰ ምድሩም ጭምር፣ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው።

ግን ይኸው አዋጅ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን ያለ ፈቃድ መጠቀም ይፈቅዳል። ስለዚህ ሕጋዊ ተጠቃሚ ናችሁ። ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃም ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። እርግጥ የከተማው ሰውም የሚጠጣው ነው የሚፈልገው፤ ይህ ብቻውን ቁፋሮውን አያስቆምም። «የኛም መጠጥ በዕቅዱ ይግባ» ለማለት ግን በቂ መሠረት ነው። ለምሳሌ ወደ ከተማው ከሚሄደው የውሃ መስመር ቦኖ እንዲተከልላችሁ ጠይቁ።

ሕገ መንግሥቱም ከጎናችሁ ነው። አንቀጽ 43 እና 92 ማኅበረሰባችሁን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣሉ። ስብሰባ ሲጠሯችሁ ሂዱ። ቃለ ጉባኤ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ግን ያነሳችሁት ስጋት መጻፉን አንብባችሁ አረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት መሆን ስላለበት እሱንም ጠይቁ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት። መሬት ከተወሰደባችሁ የካሳው ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ማስረጃ እንድትይዙ ነው። ብዙ ሰው እውነት ይዞ የሚሸነፈው ማስረጃ በማጣት ነው። ገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ የጉድጓዱን ውሃ በየወሩ ለኩ። ቀኑንና ሜትሩን በደብተር ጻፉ፤ ሁለት ጎረቤቶች ይፈርሙበት። ቁፋሮው ሳይጀመር ጀምሩ። ከተቻለ በጋውንም ክረምቱንም ይሸፍን። አለዚያ ነገ ውሃው ሲወርድ «በበጋ ድሮም ይወርዳል» ይሏችኋል።