ጠንካራ ካርታ ሲመታልህ ማን ነው የሚከፍልህ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመውና ልመልስ። 1/3 ሆልደም (የግዴታ መነሻው 1 እና 3 ዶላር የሆነ ፖከር፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በእጁ ይሰጠዋል፣ አምስት የጋራ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ይገለጣል) ላይ ጥንድ 7 ይዘሃል። ፍሎፑ (የመጀመሪያዎቹ ሶስት የጋራ ካርታዎች) ኪንግ፣ 7፣ 4 ወጣ፤ ኪንጉና 7ቱ ልብ ናቸው። አራት ሰው አለ። "ሰው እንዳላባርር" ብለህ ቼክ አደረግህ (ብር ሳትመድብ አሳለፍክ)፣ ሌሎቹም ተከተሉህ። ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ሌላ ልብ መጣ፣ አንዱ ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ካርታ) ሞላለትና ብርህን ወሰደ። አሁን "ሶስት 7 ይዤ መቼ ልመድብ፣ መቼ ላድፍጥ?" ነው ጥያቄህ።

እዚህኛው ላይ ዓይንህን ሳታሽ መመደብ ነበረብህ። ምክንያቱ ግን አስተያየት ላይ እንደጻፉልህ "ፍላሹን ለማባረር" አይደለም። ፍላሽ የሚጠብቀው ሰውዬ ለምን ይሂድ? ይቆይ፣ ግን ከፍሎ ይቆይ።

ሂሳቡን እንየው። አራት ሰው 12፣ 12 ዶላር አስገብቶ ካዚኖው ድርሻውን ሲያነሳ ፖቱ (መሃል ላይ የተጠራቀመው ብር) 45 አካባቢ ነው እንበል። 30 ብትመድብ፣ ልብ የሚጠብቀው ሰው ኮል ለማድረግ (እኩል ከፍሎ ለመቆየት) 29 በመቶ ያህል ዕድል ያስፈልገዋል። ካላያቸው 47 ካርታዎች ውስጥ የሚጠቅሙት 9 ልቦች ናቸው። ይሄ ለሚቀጥለው ካርታ 19 በመቶ ገደማ ነው። ከ9ኙ ውስጥም 4 ልብ ከመጣ ለአንተ ፍላሽን የሚበልጥ ፉል ሀውስ ነው። ስለዚህ ኮል ባደረገ ቁጥር አንተ ነህ የምታተርፈው። ፎልድ ቢያደርግም (ካርታውን ቢጥልም) አልተጎዳህም። ቼክ ስታደርግ ግን ያንን ካርታ በነጻ ሰጠኸው።

ከፍላሹ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኖ ሊሚት (የምትመድበው ብር ገደብ የሌለበት ጨዋታ) ላይ ፖት የሚያድገው በራሱ ላይ እየተባዛ ነው። ፍሎፕ ላይ 30 መድበህ አንድ ሰው ኮል ካደረገ ፖቱ 105 ይሆናል። ተርን ላይ 70 ብትመድብ 245 ይደርሳል። ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው ካርታ) ላይ 160 ትመድባለህ። ሰውዬው በአጠቃላይ 260 ዶላር ከፈለህ ማለት ነው። ፍሎፕ ላይ ቼክ ካደረግህ ግን ተርን ላይ 30፣ ሪቨር ላይ 70፣ በቃ። 100 ዶላር ብቻ። ያጣኸው የፍሎፑን 30 ይመስልሃል፤ የቀረብህ ግን 160 ነው። ሰው "አድፍጬ ብዙ አገኛለሁ" ሲል ይሄን አያሰላም።

እንግዲህ መቼ ነው ማድፈጥ? እኔ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ "ካርታዬ ምን ያህል ጠንካራ ነው?" ብዬ አልጠይቅም። ጠንካራ መሆኑን አይቼዋለሁ። የምጠይቀው "ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ብሩን የሚያወጣ ካርታ የያዘ ማን ነው?" ብዬ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

ምሳሌ ልስጥህ። ፍሎፑ ኤስ፣ 7፣ 2 ነው፤ ሶስቱም የተለያየ ዓይነት ናቸው። ጥንድ 7 ከያዝክ ሶስት ኤስ ሌላ ቦታ አለ። ኤስና ኪንግ የሚይዝ ሰው በ12 መንገድ (3 ኤስ በ4 ኪንግ) ሊይዘው ይችላል። እሱ ሰውዬ ደግሞ አይለቅህም፣ እስከ ሪቨር ይከተልሃል። መድብ። አሁን ያንኑ ፍሎፕ ጥንድ ኤስ ይዘህ አስበው። ካርታህ ከቅድሙም ይበልጣል። ግን ውጭ የቀረው ኤስ አንድ ብቻ ነው። 12ቱ መንገድ ወደ 4 ወረደ። ሊከፍሉህ የሚችሉት ካርታዎች አንተው እጅ ላይ ናቸው። የምትፈራው ፍላሽም ስትሬትም (አምስት ተከታታይ ካርታ) የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ቼክ አድርገህ አንዱ ተርን ላይ ኪንግ ወይም ጥንድ 10 ይዞ እንዲጓጓ ብትተወው ያስኬዳል። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ ይበልጥ ያስኬዳል።

የማድፈጥ ፍቅር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን የ1988ቱን (እ.ኤ.አ.) የዓለም ፖከር ሻምፒዮና (WSOP) የመጨረሻ ዙር በቪዲዮ አይተናል። ጆኒ ቻን ፍሎፕ ላይ ስትሬት መትቶለት ጉልበቱን ደብቆ ቆየ። ኤሪክ ሳይደል አንድ ጥንድ ኩዊን ይዞ በመጨረሻ ብሩን ሁሉ አስገባ። ቻን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት አሸነፈ። ያምራል። ግን ልብ በሉ፤ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሳይደል ደግሞ ላይኛውን ጥንድ ይዟል፣ እድል ካገኘ የሚመድብ ሰው ነው። ማጥመድ የሚሠራው ወጥመዱ ላይ የሚረግጥልህ ካለ ነው።

የእኛ 1/3 ጠረጴዛ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አርብ ማታ የምታገኘው ተጫዋች፣ ብዙው ከሥራ የወጣ፣ ካርታ ማየት የናፈቀው ሰው ነው። በትንሽ ነገር ኮል ያደርጋል፣ በራሱ ግን አይመድብም። ኪንግና 9 ይዞ ሶስት ጊዜ ኮል ያደርግልሃል፤ አንተ ቼክ ካደረግህ ግን እሱም በደስታ ቼክ ያደርጋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ማድፈጥ ኪሳራ ነው። በተቃራኒው አንዱ ያለማቋረጥ የሚመድብ፣ ቼክ ሲያይ ደም የሸተተው የሚመስለው ሰው ካለና ካንተ በኋላ የሚናገር ከሆነ፣ ቼክ አድርግለት። ሲመድብ ሬይዝ ታደርጋለህ (ከፍ አድርገህ ትመድባለህ)። እሱ እየሠራልህ ነውና ለምን ትቸኩላለህ?

በነገራችን ላይ፣ ጓደኛ ጋር ብቻ ስትቀሩ "ወንድሜ ነው፣ አልጎዳውም" ብሎ ቼክ ማድረግ እኛ ሰፈር የተለመደ ነው። ፍቅር ሊመስል ይችላል፤ በብዙ ካዚኖ ሕግ ግን የተከለከለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሌሎች ሰዎችም መተባበር አድርገው ነው የሚያዩት። ካርታ እየተጫወታችሁ በአማርኛ ከተነጋገራችሁ ደግሞ ዲለሩ (ካርታ የሚያድለው) "እንግሊዝኛ ብቻ" ይላችኋል። ቢራውን ከጨዋታው በኋላ ግዛለት፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ምደብበት።

ሪቨር ላይ ነገሩ ቀላል ነው። የመጨረሻው ተናጋሪ አንተ ከሆንክና ሊበልጥህ የሚችል ነገር ከሌለ፣ ቼክ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ካርታ አይመጣም፣ ምን ትጠብቃለህ? ውድድር ላይ ከሆነማ ዳኛው ሊቀጣህም ይችላል። መጀመሪያ የምትናገር ከሆንክና ሰውዬው ኮል እንጂ መመደብ የማይወድ ከሆነ ደግሞ ራስህ መድብ።

አንድ ነገር ግን ጥያቄህ ላይ አልጻፍክም። ፊታችሁ ላይ ስንት ብር ነበር? ከላይ ያሰላሁት 260 እንዲከፍልህ ያ ብር ፊቱ ላይ መኖር አለበት። ሰውዬው የቀረው 100 ዶላር ብቻ ከነበረ፣ ተርን ላይ 30፣ ሪቨር ላይ 70 ሲሆን ሁሉም ብሩ ገብቷል። እንዲያ ሲሆን ፍሎፕ ላይ አንድ ቼክ ብዙ አያስከፍልም። ያም ሆኖ ሁለት ልብ ባለበትና አራት ሰው ባለበት ፍሎፕ እኔ አሁንም እመድባለሁ። 400 ከነበረው ግን ጨዋታው ሌላ ነው፤ ያኔ 30 ራሱ ሊያንስ ይችላል፣ 40 ብትል እንኳ ኪንግ የያዘ አይለቅም። ስንት እንደነበረው ጻፍልኝና ተርኑን አብረን እናየዋለን።