የዱባዬን ክብደት የትኛው ሚዛን ይንገረኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ዘንድሮ ጓሮዬ «አትላንቲክ ጃይንት» የሚባለውን የትልቁን ዱባ ዘር ዘርቼ ነበር። አንዱ ዱባ፣ ልጄ እጁን ዘርግቶ ማቀፍ እስኪያቅተው ድረስ አደገ። ትናንት ከባለቤቴ ጋር ከሐረጉ ቆርጠን በሰው ሚዛን መዘንነው። ሳሎን ውስጥ 91 ኪሎ አለ። ኩሽና ወስደን ስንደግመው 97 ሆነ። ጎረቤታችን ደግሞ በሜትር ለክቶ 240 ፓውንድ ይሆናል አለን፤ ይሄ ወደ 109 ኪሎ ነው። የቱን ልመን? ስቲልዎተር ላይ በኦክቶበር ለሚደረገው የዱባ ውድድር ልወስደው አስቤያለሁ።
ወ. ነኝ፣ ከሴንት ፖል

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! አንድ ኩንታል ገደማ የሚመዝን ዱባ በአንድ በጋ ማሳደግ ቀላል ነገር አይደለም።

ሳሎናችሁ ምንጣፍ አለው አይደል? ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ዲጂታል የሰው ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ ክብደት የሚያነበው ከሥሩ ባሉት አራት እግሮቹ ነው። ምንጣፍ ላይ ሲሆን እግሮቹ ይሰምጡና ሆዱ ምንጣፉን ይነካል። ከዚያ የክብደቱን ከፊል ምንጣፉ ይሸከመዋል፣ ሚዛኑ ደግሞ ያንን አይቆጥረውም። ስለዚህ 91ን እርሺው። 97ም ቢሆን ገና መረጋገጥ አለበት።

እኔ ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ፣ በባስኩላ ስመዝን ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ከጎጃም ጤፍ ይዘው የመጡ አባት «ልጄ፣ አንሷል» ብለው ፊቴ ቆሙ። ሚዛኔን አምኜ ተከራከርኳቸው። እሳቸው ምንም ሳይሉ ጎንበስ አሉና በጣታቸው አሳዩኝ። የጆንያው ጥግ ከኋላ ያለውን ምሰሶ ተደግፏል። ወደ ፊት ሳብ ሳደርገው ሁለት ኪሎ ተኩል ጨመረ። አምስቱንም ጆንያ እንደገና መዘንኩላቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ዙሪያውን ሳላይ ቁጥር አንብቤ አላውቅም። አንቺም ዱባውን ስትመዝኚ ግድግዳም ሆነ የሰው ጉልበት እንዳይነካው። የደገፋችሁትን ያህል ይቀንስባችኋል።

አሁን ወደ ሥራው። ጋራዥሽ የሲሚንቶ ወለል ካለው እዚያ መዝኚ። ከጎረቤት ሌላ የሰው ሚዛን ተዋሺ። ሁለቱን አራርቀሽ አስቀምጪና ወፍራም፣ ሰፊ ጣውላ ጣይባቸው። የጣውላውን ክብደት አስቀድመሽ ለብቻው መዝነሽ ጻፊ። ዱባውን መሃል ላይ አሳርፉ፣ ሁለቱንም ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሺ፣ ደምሪና ጣውላውን ቀንሺ። ዱባው ወደ አንዱ ወገን ቢያደላ አትጨነቂ። አንዱ ሚዛን ሲጨምር ሌላው በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ድምሩ ያው ነው። ስታነሡት ደግሞ በሸራ፣ ለአራት ሆናችሁ። አንገቱን ይዞ የሚጎትት ሰው አጠገቡ እንዳይደርስ!

ከሁሉም በላይ አደራ የምልሽ ግን የሚቀጥለውን ነው። እህል በረንዳ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ባስኩላውን በሚዛን ድንጋይ እንፈትን ነበር። ሴንት ፖል የሚዛን ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከሱፐርማርኬት። አንድ ጋሎን ውሃ 3.785 ኪሎ ነው። 24 ጋሎን ግዢ፤ ውሃው ብቻ 91 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አንዱን ባዶ ፕላስቲክ በኩሽና ሚዛን መዝነሽ በ24 አባዢና ጨምሪበት። ሁሉንም ጣውላው ላይ ደርድሪ። ድምሩ 92 መሆን ሲገባው ሚዛኖቹ ጣውላው ተቀንሶ 94 ካሉሽ፣ ከዱባሽም ሁለት ኪሎ ያህል ቀንሺ። ለምን ይሄን ሁሉ ውሃ ብትዪኝ፣ በ10 ኪሎ የማይዋሽ ሚዛን በ100 ሊዋሽ ስለሚችል ነው። ፈተናው ከዱባው ክብደት ጋር መቀራረብ አለበት። ውሃው እንደሆነ ትጠጡታላችሁ።

ጎረቤትሽ አልተሳሳተም። ዙሪያው፣ ከጎን ወደ ጎን በአናቱ ላይ፣ ከአንገቱ እስከ አበባው ቦታ ደግሞ በርዝመቱ ይለካና ሦስቱ ተደምረው ከሰንጠረዥ ይነበባል። ገና ሐረግ ላይ ላለ ዱባ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ግን ሜትር የውስጡን ሥጋ ውፍረት አያይም። መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዱባዎች በክብደት አሥር በመቶና ከዚያም በላይ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስቲልዎተር ላይ የሚመዘነው በተረጋገጠ ሚዛን ነው፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) 821 ኪሎ የመዘነ ዱባ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያው ነው። ከመሄድሽ በፊት ከሥሩ በደንብ እዪው። እስከ ውስጥ የዘለቀ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ከተገኘበት ለውድድር አይቆጠርልሽም። ከተቆረጠ በኋላ ውሃው እየተነነ በየቀኑ ስለሚቀል እስከዚያው ፀሐይ የማይመታው ቀዝቃዛ ቦታ አኑሪው። ለወጥ አትመኚው፤ የዚህ ዝርያ ሥጋ ውሃ ውሃ ይላል። ፍሬውን ግን አስቀሪ፣ የውሃውንና የዱባውን ቁጥር ስትልኪልኝ ሦስት አራት ፍሬ ፖስታው ውስጥ ጨምሪልኝ። በሚቀጥለው ሜይ እዘራዋለሁ።