ማኅበር ልናቋቁም ስንል ተባረርን፤ ወደ ሥራችን መመለስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። አሥራ አራት ሆነን የሠራተኛ ማኅበር ልናቋቁም ፊርማ አሰባሰብን። ከፋሲካ በፊት ሦስታችን «በተደጋጋሚ ከሥራ በመቅረት» ተብለን ተሰናበትን። የሰው ኃይል ኃላፊው «ታገሡ፣ እናየዋለን» ብሎን እየጠበቅን ነው። ቤተሰቦቼ «ማኅበር ምን ሊጠቅምሽ» ይሉኛል። መብት አለን?

መልስ፦ እህቴ፣ አላችሁ። ግን ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤ ዋናውን ነገር አጣሁት። «ከፋሲካ በፊት» ማለት መቼ ነው? የስንብት ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ስንት ይላል? ይህን የምጽፍልሽ ሰኔ ገብቶ ነው።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የማኅበር አባል መሆን ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም (አንቀጽ 26)። በዚህ ሰበብ የተባረረ ሠራተኛ ደግሞ ወደ ሥራው እንዲመለስ ሕጉ ያዛል (አንቀጽ 43)።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የካሳና የሌላ ክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር ስላለው ብዙዎች ሁሉም ስድስት ወር ይመስላቸዋል። «እናየዋለን» መባል ቆጠራውን አያቆምም። ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ ማስገባትም፣ ሽማግሌ መላክም አያቆመውም።

አንዲት ደንበኛዬ የስንብት ደብዳቤዋን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አጣጥፋ ይዛልኝ መጣች። አብረን ቆጠርን፤ ሦስት ወር ከአራት ቀን። በየሳምንቱ ቢሮ እየተመላለሰች «ነገ ነይ» ሲሏት ነበር። ካሳ አገኘች። ማሽኗ ላይ ግን ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ ማኅበሩም ሳይቋቋም ቀረ። ለአንዳንድ አሠሪ ካሳ ከፍሎ መገላገል ይቀለዋል። ስለዚህ ቀኑን አጥብቄ ብጠይቅሽ አትቀየሚኝ።

ሌላም ያልነገርሽኝ አለ። በእርግጥ ቀርተሽ ታውቂያለሽ? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶሽ ነበር? ሒሳብ ስትቀበዪ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርመሻል? ከፈረምሽ አትደብቂው፤ ጠበቃሽ ከተከሳሹ አፍ ሊሰማው አይገባም።

ቤተሰቦችሽ ስለሰጉልሽ ነው። ግን አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ ዝቅተኛ ደመወዝ ይህን ያህል ነው ብሎ ቁጥር አላስቀመጠም። የደመወዝ ጭማሪም ሆነ የማመላለሻ ሰርቪስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በኅብረት ስምምነት ነው፤ በኅብረት የሚደራደረው ደግሞ ማኅበሩ ነው። በንጉሡ ዘመን ሠራተኞች በዕድርና በመረዳጃ ስም ይሰባሰቡ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) የተመሠረተው በ1955 ነው፤ በ1966 አገር ያንቀጠቀጠውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ደርግ ቢያፈርሰውም የመደራጀት መብት ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሰፍሯል።

አሁን የስንብት ደብዳቤውን፣ የፊርማውን ዝርዝር ቅጂ፣ ቃለ ጉባኤ ከያዛችሁ እሱን፣ የደመወዝ ወረቀትና የቴሌግራም መልእክቶቻችሁን ሰብስቡ። ምንም እንዳታጠፉ። ስብሰባው ላይ የነበሩ ምስክሮችን ስም ጻፉ። እኔ ሰነዱን ስላላየሁ ይህ ጠቅላላ ምክር ነው፤ የግድ ጠበቃ ያግኛችሁ። አቅም ካነሳችሁ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ ለሥራ ክርክርም የዳኝነት አይከፈልም። ዛሬ ማታ ደብዳቤውን አውጥተሽ ቀኑን እዪ። ሦስት ወር ካልሞላው፣ ሦስታችሁም ነገ ጠዋት ጠበቃ ጋ ሂዱ።