ቆዳ ምን ያህል ያሳልፋል? ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያው ጠያቂ የፋርማሲ ተማሪ ነው። በስድስት ፍራንዝ ሴል (የተቀባ መድኃኒት ቁራጭ ቆዳን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚገባ የሚለካበት ዕቃ) አንድ ቅባት ፈትኖ የአራቱ ውጤት ሲቀራረብ የሁለቱ ግማሽ እንኳ አልሞላም። «ቆዳው ተቀዶብኝ ይሆን?» ይላል።

ቢቀደድማ ቁጥሩ ይዘል ነበር እንጂ አይወርድም። ሲያንስ መጀመሪያ አረፋ ፈልግ። ከቆዳው ሥር የተሸጎጠ አየር ባለበት ቦታ መድኃኒቱ ወደ ታችኛው ፈሳሽ አይወርድም፤ የምታሰላው ግን በሙሉ ስፋቱ ነው። አረፋውን የሚያመጣው ቀዝቃዛ ባፈር (ከቆዳው ሥር የሚሞላው ጨዋማ ፈሳሽ) ሴሉ ውስጥ ገብቶ መሞቁ ነው። ስለዚህ ውሃውን አስቀድመህ አፍላ (ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ይበቃል)፣ ከድነህ አቀዝቅዝ፣ ጨዎቹን ከዚያ በኋላ ጨምር። ሴሉን አፉ ድረስ ሞልተህ ቆዳውን ከአንድ ጎን ጀምረህ እያጋደምህ አሳርፈው። የቀረ አረፋ ካለ ሴሉን አዘንብለህ በናሙና መውሰጃው ክንድ በኩል አስወጣው። ናሙና በወሰድህ ቁጥርም ደግመህ እይ፤ አየር የሚገባው ያኔ ነው። አረፋ ከሌለ ፈሳሹን የምታማስለው ማግኔት መዞሯን ተመልከት። ስድስቱም አብረው ቢወርዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፈሳሹ መድኃኒቱን ማሟሟት አቅቶት ይሆናል። የቀረውን አማካሪህን ጠይቅ።

ሌላ ተማሪ ደግሞ፦ «ሌሊት መብራት ሄዶ ሴሎቹን የሚያሞቀው ወተር ባዝ ጠፋ፤ ውጤቱን ልጠቀምበት?»

አይሆንም፣ ድገሚው። የቆዳው ፊት 32 ዲግሪ ላይ መቆየት ነበረበት።

ሦስተኛው ጠያቂ፦ «በሰው ቆዳ ፋንታ የሚሠራበት የአሳማ ጆሮ ጎንደር ላይ ከየት ይመጣል? በፍየል ቆዳ ብሠራስ?»

ጭንቀትህ ይገባናል። በፍየል መሞከር ትችላለህ፣ «የሰውን ቆዳ ይተካል» ብለህ መጻፍ ግን አትችልም። መጀመሪያ ካፌይን አሳልፈህ በሰው ቆዳ ከታወቀው ልክ ጋር አነጻጽር። አሳማው ቢገኝልህም ፀጉሩ በፈላ ውሃ የተገፈፈ እንዳይሆን፤ የላይኛው ድርብ ተበላሽቷል።

ከደንቢያ የጻፉልን ገበሬ ደግሞ የሚያዝሉት የፀረ-ተባይ መርጫ ጀርባቸው ላይ እንደሚያፈስ ነግረውን «መርዙ የሚጎዳው ሲተነፍሱት ነው፣ ቆዳ አያስገባም» መባሉን ይጠይቃሉ።

ውሸት ነው። ማላታይንና መሰሎቹ ስብ ስለሚወዱ በቆዳ ይገባሉ፤ የራሰ ልብስ ደግሞ ቆዳውን እንደ ክዳን አፍኖ ያብሰዋል። የሚፈሰው ወደ ብሽሽት መውረዱ ነው ይበልጥ የሚያሳስበን። እ.ኤ.አ. በ1967 በሰዎች ላይ በተደረገ ልኬት ሃይድሮኮርቲሶን የተባለው የቆዳ መድኃኒት በቆለጥ ከረጢት ቆዳ የገባው በክንድ ከገባው 42 እጥፍ ነበር። ለመርዙ እጥፉ ያው ባይሆንም ያ ቦታ ከክንድ ይበልጥ ማስገባቱ አይቀርም። መርጫውን ሳያስጠግኑ አይዘሉት። ከፈሰሰብዎት ልብሱን ወዲያው አውልቀው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠቡ፤ በጠንካራ ነገር አይፈትጉት፣ የተላጠ ቆዳ የበለጠ ያስገባል። ምራቅ ከበዛ፣ ላብ ካጠመቀዎት፣ ዓይን ከደበዘዘ ወይም ጡንቻ ከተንቀጠቀጠ «ነገ እሄዳለሁ» አይባልም፤ የመርዙን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዘው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ።